ምዕራፍ አራት፦ ቀይ ቀበሮና ጎረቤቶቹ

አንድን የዱር እንስሳ ለማወቅ ክብደቱን፣ የፀጉሩን ቀለምና የጥርሱን አቀማመጥ መመዝገብ ለረጅም ዘመን በቂ ሆኖ ሲቆጠር ኖሯል፤ ሥነ ምህዳር፣ ማለትም ሕያዋን ነገሮች እርስ በርሳቸውና ከሚኖሩበት አካባቢ ጋር ያላቸውን ግንኙነት የሚመረምረው የሳይንስ ዘርፍ፣ እየዳበረ ከመጣ ወዲህ ግን እንስሳው ምን እንደሚበላ፣ ከማን ጋር እንደሚሻማ፣ ማንን ተጠግቶ እንደሚያድንና ከማን በሽታ እንደሚጋባበት የማይናገር ጥናት ጎዶሎ እንደሆነ ታውቋል። ለዚህ አመለካከት ከኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ1840 (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል ከስሜን ተራሮች በተገኘ ናሙና ተመርኩዞ ለሳይንስ ያስተዋወቀው ይህ እንስሳ በአካሉ ሲታይ ረጅም እግርና ቀጭን አፈሙዝ ያለው መካከለኛ አዳኝ ነው፤ በኑሮው ሲታይ ግን ከአፈር፣ ከአይጥ፣ ከዝንጀሮ፣ ከከብት፣ ከአበባና ከውሻ ጋር የተሳሰረና ከእነዚህ በአንዱ ላይ የሚደርሰው ለውጥ ውሎ አድሮ እርሱም ዘንድ የሚደርስ ፍጥረት ነው።

ቀይ ቀበሮ የሚኖረው በኢትዮጵያ ብቻ ሲሆን፣ መኖሪያውም ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ባሉ ጥቂት ተራሮች ላይ የተወሰነ ነው። በአጠቃላይ ቁጥሩ 500 ገደማ እንደሆነ የሚገመት ሲሆን፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በባሌ ተራሮች፣ የቀረው ደግሞ በአርሲ፣ በስሜን፣ በወሎና በመንዝ ከፍተኛ ቦታዎች ተበታትኖ ይገኛል። ትልቁ መጠለያው 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የባሌው የሳነቴ አምባ ነው፤ ከአምባው ላይ ተነሥቶ የሚታየው የቱሉ ዲምቱ ጫፍም 4,377 ሜትር ይደርሳል። የሥነ ምህዳር ባለሙያዎች አፍሮ አልፓይን ብለው በሚጠሩት በዚህ የውርጭ ምድር ፀሐይ ቀን ታቃጥላለች፣ ሌሊት ደግሞ ውርጭ አፈሩን ያደርቀዋል። ጅብራ ከሚባለው በስተቀር ቀና ብሎ የሚታይ ተክል እምብዛም የለም፤ የቀረው ዕፅዋት ከነፋሱና ከብርዱ ለመሸሸግ መሬት ላይ የተለጠፈ ሣር፣ ቅጠላ ቅጠልና ብርማ ቁጥቋጦ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ የምድሪቱ ዋና ሀብት ያለው በአፈሩ ገጽና ከአፈሩ በታች ነው።

ያንን ሀብት ወደ ሥጋ የሚለውጡት አይጠ መጎጦች ናቸው። በባሌ የቀይ ቀበሮን ኩስ በመመርመር የተደረገው ሰፊ ጥናት እንዳሳየው፣ ከተመዘገበው ታዳኝ ውስጥ 96 በመቶ ገደማው አይጠ መጎጥ ሲሆን፣ አብዛኛውም በባሌ ተራሮች ብቻ የሚገኙ ሦስት ብርቅዬ ዝርያዎች ናቸው፤ እነርሱም ግዙፉ ፍልፈልና ሁለት ትናንሽ የሣር አይጦች ናቸው። ዝምድናው ከተኩላ ወገን የሆነ፣ ቅድመ አያቶቹ ከዩራሲያ በበረዶው ዘመን እንደመጡ የሚገመት እንስሳ እንዲህ ባለ ትንሽ ታዳኝ ላይ መወሰኑ የአካሉንም የኑሮውንም ቅርጽ ለውጧል። የአፈሙዙ ቅጥነትና የጥርሶቹ ትንሽነትና መራራቅ ጉድጓድ አፍ ላይ ያለች አይጥን ፈጥኖ ለመንጠቅ የሚመች ነው፤ አይጦቹ ከብርዱ የተነሣ ከጉድጓዳቸው የሚወጡት ቀን በመሆኑም፣ ዘመዶቹ በሌሊት የሚያድኑ ሲሆኑ እርሱ ቀን ለቀን ያድናል። ታዳኙ ትንሽ ስለሆነም ለማደን መተባበር አያስፈልገውም፤ እያንዳንዱ ቀበሮ ለብቻው ይወጣል፣ ጆሮውን አቁሞ በዝግታ ይራመዳል፣ ድምፅ ሲሰማ ይሸምቃል፣ ከዚያም ዘሎ ይይዛል ወይም ጉድጓዱን ይቆፍራል።

ከእነዚህ ታዳኞች ውስጥ ግዙፉ ፍልፈል ተለይቶ ሊጠና ይገባዋል። ከሌሎች ፍልፈሎች የሚለየው ክብደቱ እስከ አንድ ኪሎ ግራም ሊደርስ በመቻሉ ብቻ አይደለም፤ ዓይኖቹ ወደ ራሱ አናት ከፍ ብለው በመቀመጣቸው ከጉድጓዱ ገና ሳይወጣ ሰማዩንና ዙሪያውን ማየት ይችላል። አብዛኛውን ዕድሜውን ከመሬት በታች ያሳልፋል፤ ለምግብ ሲወጣም የኋላ አካሉን ከጉድጓዱ ሳያርቅ በአጠገቡ ያለውን ቅጠል በጥድፊያ አጭዶ ወደ ውስጥ ይጎትታል፣ ከጨረሰ በኋላም መውጫውን በአፈር ይደፍናል። በዙሪያው ያለው ዕፅ ሲመናመን አዲስ መውጫ ይከፍታል፤ አሮጌው ጉድጓድ ይደረመሳል፣ ከሥር የወጣው አፈር በላይኛው ላይ ይነጠፋል፣ ራቁቱን በቀረው ቦታም ቀድሞ ያልነበሩ ዕፅዋት ይበቅላሉ። የሥነ ምህዳር ሊቃውንት እንዲህ ያለውን እንስሳ የሥነ ምህዳር መሐንዲስ ይሉታል፤ ይህም አካባቢውን በመኖሩ ብቻ የሚለውጥና ለሌሎች ፍጥረታት አዲስ ሁኔታ የሚፈጥር ማለት ነው። በሳነቴ ሜዳ ላይ የሚታየው የአፈር ጉብታና የዕፅዋት ዝብርቅርቅነት በአብዛኛው የፍልፈሉ ሥራ በመሆኑ፣ ከእርሱ ውጭ የሜዳውን መልክ ማስረዳት አይቻልም።

ፍልፈሉ የራሱ ተከታይም አለው። ሙርላንድ ቻት የምትባል ቡናማ ትንሽ ወፍ የሚቆፍረውን ፍልፈል አጠገብ ቆማ ትጠብቃለች፤ አፈሩ ሲገለበጥ የሚወጡትን ትሎችና ነፍሳት ትለቅማለች። ፍልፈሉ በበኩሉ አፈር ውስጥ ባለበት ጊዜ የማይታየውን አደጋ ወፏ ታያለች፤ ደንግጣ ስትጮህ ወይም ስትበር እርሱ ይደበቃል። ሁለት ዝርያዎች አንዱ ከሌላው የሚጠቀሙበት እንዲህ ያለ ግንኙነት በሥነ ምህዳር ቋንቋ ሚዩቹዋሊዝም ይባላል፤ ቀበሮው ከፍልፈሉ ጋር ያለው ግንኙነት ግን የአዳኝና የታዳኝ ነው። ስለዚህ በአንድ ጉድጓድ አፍ ላይ ሦስት ፍጥረታት ይገናኛሉ፤ የቀበሮው አድፍጦ መጠበቅና የወፏ ጩኸት አንዱ የሌላውን ውጤት ይወስናሉ።

ለብቻው የሚያድነው ቀበሮ ብቻውን ግን አይኖርም። በባሌ አንድ መንጋ በአማካይ ስድስት ያህል ጎልማሶችን ይይዛል፤ አባላቱ ጧትና ማታ ተሰባስበው የግዛታቸውን ወሰን በሽንትና በጩኸት ያስከብራሉ፣ ወራሪ መንጋንም ያባርራሉ። የምትወልደው በአብዛኛው ዋናዋ እንስት ብቻ ስትሆን፣ ሌሎቹ ጉድጓዷን ይጠብቃሉ፣ ለቡችሎቹም ምግብ ያቀርባሉ። ይህ የመንጋ ኑሮ ለማደን የማያስፈልግ ከሆነ ለምን እንደቀጠለ መጠየቁ ተገቢ ነው፤ መልሱም በታዳኙ ብዛት ውስጥ ይገኛል። አይጠ መጎጥ የበዛበት ቁራሽ መሬት እንደ ውርስ የሚጠበቅ ሀብት ነው፤ ትልቅ መንጋ ሰፊና ለም ግዛት ይይዛል፣ ከወላጆቹ ርቆ የሚሄድ ወጣት ግን ባዶ ቦታ የማግኘት ዕድሉ እጅግ አነስተኛ ነው። ይህ ነጥብ በሽታ በሚታይበት ክፍል እንደገና ይነሣል፤ መንጋውን ያጠናከረው መቀራረብ ለቫይረስም መንገድ ነውና።

ፍልፈሉን ሲያድን የኖረው ቀበሮው ብቻ እንዳልሆነም በቅርቡ ታውቋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንስ በተሰኘው መጽሔት የታተመ ጥናት እንዳስረዳው፣ በባሌ ተራሮች ከ3,400 ሜትር በላይ በሚገኘው በፍንጫ ሀበራ የድንጋይ መጠለያ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች ኖረዋል፤ በእሳት የተጠበሰ የግዙፉ ፍልፈል አጥንትም በብዛት ተገኝቷል። በዚያን ዘመን ከፍተኛው ስፍራ በበረዶ ግግር የተሸፈነ ነበር። ሰው በዚህ የውርጭ ምድር ውስጥ አዲስ ገቢ እንዳልሆነ፣ ይልቁንም ከጥንት ጀምሮ የምግብ ሰንሰለቱ አካል እንደነበረ ከዚህ ማስረጃ መረዳት ይቻላል። ሰው የሌለበት ንጹሕ ተራራ አለ ብሎ የሚያስብ የጥበቃ ሐሳብ በባሌ ታሪክ ውስጥ መሠረት የለውም።

ከባሌ ወደ ሰሜን፣ ከስምጥ ሸለቆው ማዶ፣ ቀይ ቀበሮ ፈጽሞ የተለየ ጎረቤት ያገኛል። በመንዝ በሚገኘው የጓሳ ማኅበረሰብ ጥበቃ ስፍራ ጭላዳዎች በመቶዎች ተሰባስበው ሣር ይግጣሉ። ጭላዳ በዓለም ላይ ካሉ የዝንጀሮ ወገኖች ሁሉ ሣርን ዋና ምግቡ ያደረገ ብቸኛ ዝርያ ነው፤ ቀኑን ቁጢጥ ብሎ ተቀምጦ በጣቶቹ ሣር ሲነቅል ይውላል። ተመራማሪው ቪቬክ ቬንካታራማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት ቀበሮዎች ወደዚህ መንጋ መካከል ገብተው በዝግታ እየተራመዱ አይጥ እንደሚያድኑ፣ ዝንጀሮዎቹም እንደማይሸሹ ገልጸዋል። ውጤቱ አስደናቂ ነው፤ ቀበሮው በጭላዳ መካከል ሆኖ ካደረጋቸው የማደን ሙከራዎች 67 በመቶ ሲሳኩለት፣ ለብቻው ሲያድን የተሳካለት 25 በመቶ ብቻ ነው። ምክንያቱ ሁለት ሊሆን ይችላል፦ የዝንጀሮዎቹ እንቅስቃሴ አይጦችን ከሣሩ ሥር ያስወጣቸዋል፣ ወይም በብዙ አካላት መካከል ያለ አንድ ቀበሮ ለአይጥ ዓይን አይለይም። ሁለቱም አብረው ሊሠሩ ይችላሉ።

በዚህ ግንኙነት ውስጥ ከማደኑ ስኬት ይልቅ ሊመረመር የሚገባው መታቀቡ ነው። የጭላዳ ግልገል ከአይጥ ይልቅ ብዙ ሥጋ አለው፤ ቀበሮው ሊይዘው የሚችልበት ርቀት ላይ ይተኛል፣ ይጫወታል። ነገር ግን ቀበሮው አይነካውም፤ ግልገል ለመያዝ የሞከረ ቀበሮ በታየ ጊዜ ጎልማሶቹ ጭላዳዎች ተረባርበው አባርረውታል። ውሻ ወይም ሌላ አዳኝ ሲያዩ ግን ጭላዳዎቹ ወዲያው ወደ ገደል ይሮጣሉ። ከዚህ የሚታየው በሁለቱ ዝርያዎች መካከል በልምድ የጸና መተማመን መኖሩ ነው፤ ቀበሮው ዛሬ አንድ ግልገል ቢበላ ነገ በመንጋው መካከል የመመላለስ መብቱን ያጣል። አንዱ የሚጠቀምበት ሌላው ደግሞ የማይጎዳበት ግንኙነት ኮሜንሳሊዝም ይባላል። አንዳንድ ተመራማሪዎች ሰው ውሻን ከማላመዱ በፊት በሰውና በተኩላ መካከል የነበረው መቻቻል ይህን ሊመስል ይችላል ብለው ማሰባቸው ሐሳቡ ገና ግምት ቢሆንም ከንቱ አይደለም።

በባሌ ጭላዳ የለም፤ እዚያ የዝንጀሮውን ቦታ የሚተካው ከብት ነው። ቀበሮዎች ከሚግጡ ላሞች ጋር አብረው እየተራመዱ፣ በከብቶቹ አካል ተሸሽገው ወደ አይጥ ጉድጓድ እንደሚጠጉ በተደጋጋሚ ታይቷል። እረኞችም ቀበሮው የእንግዴ ልጅ ለመብላት የምትወልድን እንስሳ ተከትሎ እንደሚዞር ያውቃሉ። ተመሳሳይ እንስሳ፣ ተመሳሳይ ስልት፣ የተለየ ሽፋን፤ የአንድ ዝርያ ባሕርይ ሙሉ በሙሉ በደሙ ውስጥ የተጻፈ ሳይሆን በአካባቢው ካሉት ፍጥረታት ጋር በመኖር የሚቀረጽ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ማስረጃ ማግኘት ከባድ ነው። ይሁንና ከብቱ ከጭላዳው የሚለይበት አንድ ዐቢይ ነገር አለ፤ የከብቱ ቁጥር የሚወሰነው በተራራው ሣር አቅም ሳይሆን በባለቤቱ ፍላጎት ነው። ከብት ሲበዛ አይጦቹ የሚበሉትና የሚደበቁበት ዕፅ ይመናመናል፣ አፈሩም በኮቴ ይጠቀጠቃል፤ ስለዚህ ለአንድ ቀን ማደን ሽፋን የሆነው መንጋ ከዓመታት በኋላ የሚታደነውን ራሱን ሊያሳጣ ይችላል።

ቀበሮው ሥጋ በል ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብም በቅርቡ ተናግቷል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ኢኮሎጂ በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት የባሌ ቀበሮዎች የኢትዮጵያ ብርቅዬ የሆነውን፣ በችቦ መልክ ቀጥ ብሎ ቀይና ብጫ አበባ የሚያወጣውን ክኒፎፊያ ፎሊዮሳ የተባለ ተክል እየላሱ ጣፋጭ ፈሳሹን እንደሚመገቡ አስታውቋል። አንዳንዶቹ በአንድ ዙር እስከ 30 አበባ ይጎበኛሉ፤ ከተለያዩ መንጋዎች የሆኑ ቀበሮዎች ይህን ማድረጋቸውና ጎልማሶች ወጣቶቹን ወደ አበባው መስክ ይዘው መሄዳቸው ልማዱ በመማር የሚተላለፍ ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማል። ለብዙ ዓመታት በባሌ የሠሩት ተመራማሪ ክላውዲዮ ሲሌሮ የእረኛ ልጆች ያንኑ አበባ ሲልሱ በማየታቸው ጣፋጭነቱን ቀድመው እንዳወቁት ተናግረዋል። ለሥነ ምህዳር ትልቁ ቁም ነገር ግን ቀበሮው ሲልስ አፈሙዙ በአበባው ብናኝ መሸፈኑ ነው። ብናኙ ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው ከተሻገረ ቀበሮው እንደ ንብና እንደ ወፍ ተክሉን ያዳቅላል ማለት ነው፤ ይህ እስካሁን ከትላልቅ ሥጋ በል እንስሳት በአንዱም ላይ ያልተመዘገበ ነው። ማዳቀሉ በርግጥ ዘር እስከማፍራት ይደርስ እንደሆነ ለማወቅ ተጨማሪ ምርምር ያስፈልጋል።

እስካሁን የተጠቀሱት ግንኙነቶች በአብዛኛው ለቀበሮው ኑሮ የሚሰጡ ናቸው፤ ከውሻ ጋር ያለው ግን የሚነሣ ነው። በተራራው የሚኖሩ ቤተሰቦች ከብታቸውን ከጅብና ከነብር ለመጠበቅ ውሻ ያሳድጋሉ፤ ውሾቹም ከሰው ጋር ወደ ቀበሮው ሜዳ ይወጣሉ። ሁለቱ ዘመዳሞች በመሆናቸው ሊዳቀሉ ይችላሉ፣ በባሌም ክልስ ተገኝቷል። ከዚህ የከፋው ግን በሽታ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ለመቆየት ብዙ ሕያው አካል ያስፈልገዋል፤ ጥቂት መቶ ቀበሮዎች ቫይረሱን ለረጅም ጊዜ ሊያቆዩት አይችሉም፣ በሺህ የሚቆጠሩት ውሾች ግን ይችላሉ። ሥነ ምህዳሩ ማከማቻ የሚለው ዝርያ ውሻው ነው ማለት ነው፤ ቀበሮው ከማከማቻው የሚሻገረው በሽታ ተጠቂ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ1992 በባሌ የተነሣው ወረርሽኝ ከሚታወቁት ቀበሮዎች ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጅቷል፤ በ2003 በባሌው የዌብ ሸለቆ ተመሳሳይ ጥፋት ደርሷል፣ ከዚያም በ2008 እና በ2014 ተደግሟል። ካናይን ዲስቴምፐር የሚባለው ሌላ የውሻ ቫይረስም በ2010 እና በ2015 ብዙ ቀበሮ ገድሏል። አንድ የታመመ ቀበሮ ከመንጋው ጋር በየጧቱ ይላሳሳል፣ ይተሻሻል፣ በወሰን ላይም ከጎረቤት መንጋ ጋር ይናከሳል፤ የመንጋውን ግዛት የሚያስጠብቀው ማኅበራዊ ኑሮ ቫይረሱን ከመንጋ ወደ መንጋ ያሸጋግራል።

ወረርሽኙን ለመግታት የተሞከረው ስልት ራሱ የምድሪቱን አቀማመጥ የተረዳ ነበር። የባሌ ቀበሮዎች አንድ ወጥ ሕዝብ አይደሉም፤ በጠባብ መተላለፊያዎች የተያያዙ የተለያዩ ሸለቆዎችን ይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2004 ባለሙያዎች ሁሉንም ለመከተብ ከመሞከር ይልቅ በመተላለፊያዎቹ ላይ ያሉ 70 ገደማ ቀበሮዎችን ይዘው ከተቡ፤ ቫይረሱም ከዌብ ሸለቆ ሳይስፋፋ ቀረ። በ2006 ኔቸር በተባለው መጽሔት የታተመው ትንታኔ እንዲህ ያለ ጥቂት እንስሳትን ብቻ የሚደርስ ክትባት ትላልቅ ወረርሽኞችን ሊያስቀር እንደሚችል አስረድቷል። ቀበሮን በወጥመድ መያዝ ግን አድካሚና ለእንስሳውም አስጨናቂ በመሆኑ፣ ክትባቱን በፍየል ሥጋ ውስጥ አድርጎ በሌሊት መጣል ተሞክሮ ተሳክቷል፤ በ2018ም በባሌ በዚህ መልክ የቀበሮ ክትባት ተጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ1995 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ የገበሬውን ውሻ ሲከትብ መኖሩም ለቀበሮው የተደረገ ሥራ ነው፤ የቤት እንስሳ ጤና፣ የሰው ጤናና የዱር እንስሳ ህልውና ተለያይተው ሊታቀዱ እንደማይችሉ የተራራው ሰው ከማንም በላይ ያውቀዋል፣ በእብድ ውሻ የሚነከሰው እርሱና ልጆቹ ናቸውና።

ከበሽታ ያመለጠ ሕዝብም ቢሆን የሚያገግመው ቦታ ካለው ብቻ ነው። በጓሳ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቄሮ ሥርዓት በሚባል ደንብ የአካባቢው ሕዝብ ሜዳውን ለተከታታይ ዓመታት ዘግቶ፣ ሣሩ ሲደርስ ለቤት ክዳንና ለገመድ ያጭድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም ማኅበረሰቡ ኋላ በአዲስ መተዳደሪያ ደንብ መልሶ አቋቁሞታል። የጓሳው ሣር፣ የሣሩ አይጥ፣ የአይጡ ቀበሮ እስከ ዛሬ የቆዩት ከዚህ የተነሣ ነው ብሎ መናገር ማጋነን አይሆንም። እንዲህ ያለ ደንብ በሌለበት የገብስ እርሻ ዳገቱን እየወጣ፣ አየሩም እየሞቀ ሲሄድ የውርጩ ምድር ወደ ተራራው ጫፍ ይጠባል፤ ከጫፉ በላይ ደግሞ የሚሸሹበት ቦታ የለም። ቀበሮው ቆላውንና እርሻውን አቋርጦ ከተራራ ወደ ተራራ አይጓዝም፤ በመሆኑም በጮቄና በጎሽ ሜዳ ተራሮች ሲጠፋ ከሌላ ተራራ መጥቶ የተካው አልነበረም። ዛሬ ባለሙያዎች ቀበሮዎችን በሰው እጅ ወደ ባዶዎቹ ተራሮች ስለማዛወር የሚመክሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ከማዛወሩ በፊት ግን አይጦቹ በቂ መሆናቸውን፣ ግጦሹ መወሰኑንና የአካባቢው ውሾች መከተባቸውን ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል።